አሥራ አምስት ሞልቶታል ብዬ የጻፍኩት ልጅ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት በጋሽ ደለለኝ ሳሎን ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። ጋሽ ደለለኝ ራሳቸው፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ግራ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ መስኮቱ ሥር ባለው ሶፋ ላይ ነበሩ። ልጃቸው ትርሲት፣ ቤቴል አንድ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ የዚያን ቀን ፈቃድ ወስዳ ነበር። አቶ ግርማ፣ የእድራችን ሰብሳቢ። አቶ ሎምባሞ፣ የአንድ ጸሎት ቤት ሽማግሌ፣ ቡናማ ኮት የለበሱ። ወይዘሮ ዳመነች፣ የቃለአብ እናት፣ አየር ጤና መንገድ ዳር ሳልቫጅ ልብስ የሚሸጡ። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ ተመስገን እባላለሁ። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት፣ ከዚያ ወዲህ «እኔም እዚያው ነበርኩ» እያለ ታሪኩን የሚያወራ ሰው ስለበዛ ነው።

ነገሩ ሁሉ የሚመለከተው ልጅ፣ ቃለአብ፣ እዚያ አልነበረም። ከታሰረ አሥራ ስድስተኛ ቀኑ ነበር።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ኮምፒውተር ላይ መጻፍ የተማርኩት ብቻዬን ነው፤ ሕጉንም ያነበብኩት ሽፋናቸው ከተገነጠለ አሮጌ መጻሕፍት ነው። ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የጋሽ ደለለኝ ቤት በረንዳ ላይ ጠረጴዛዬን ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። በረንዳውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። «ዝናብ ላይ ቆመህ ከምትጽፍ ግባና ጻፍ» አሉኝ፤ በዚያው ቀረሁ። ብዙ አላወራም። ሰው የሚወድልኝ ቀን አለማዛባቴንና ፊደል አለመግደፌን ነው። «ተሜ የጻፈው ወረቀት አይመለስም» ይሉኝ ነበር። ኩራቴም ይኸው ነበር።

ጋሽ ደለለኝን ምን እንደገጠማቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሐሙስ ቀን ከሰዓት በኋላ አሮጌ መኪናቸውን ይዘው ጎሚስታ ቤት ሄዱ። እዚያ የሚሠራው ቃለአብ ጎማ ለጠፈላቸው። ትንሽ ራቅ እንዳሉ ጎማው ተነፈሰ። ተመልሰው መጡ፣ ንግግር ተነሳ፣ ልጁ የጎማ ማውለቂያ ብረት አንስቶ መታቸው። ሦስት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ትከሻቸው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ግራ ዓይናቸውን አገኘው። ሦስተኛው መሬት ከወደቁ በኋላ ጀርባቸው ላይ ነው። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሞቹ ዓይኑ ከእንግዲህ እንደማያይ ነገሯቸው።

ንግግሩ ምን እንደነበር ግን እሳቸው አልተናገሩም። ለፖሊስም «በጎማ ነው» ከማለት ያለፈ ቃል አልሰጡም። ልጃቸው ስትጠይቃቸውም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩ ነበር።

ያን ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ትርሲት በረንዳው ላይ ብቅ አለች።

«ተሜ፣ ላፕቶፕህን ይዘህ ግባ። ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ እንጨርሰው።»

«ሽማግሌ ይመጣል እንዴ?»

«የአቶ ግርማ ጣጣ ነዋ። ይምጡ። ወረቀቱ ተጽፎ ፊርማ ካረፈበት በኋላ እስኪደክማቸው ይለምኑ።»

ሰኞ ለዐቃቤ ሕግ የሚገባ አቤቱታ ነው። ልጁ በዋስ እንዳይወጣና የመጨረሻው ከባድ ቅጣት እንዲጠየቅበት። ትርሲት ቆማ እየተንጎራደደች አስጻፈችኝ። ስትናገር እጇን ታወራጫለች፤ ድምጿ ግን አይንቀጠቀጥም።

«ሦስተኛውን ምት ለብቻው ጻፈው» አለችኝ። «አንደኛውን ተናዶ ነው ይበሉ። ሁለተኛውንም ይበሉ። ሦስተኛውን ምን ይሉታል? ሽማግሌ ሰው መሬት ወድቆ!»

ጻፍኩት። ከዚያ ከፖሊስ መዝገብ ያገኘችውን ኮፒ አቀበለችኝ። የልደት ምስክር ወረቀት ነው።

«ዕድሜውን ከዚህ ውሰድ። አሥራ ሰባት ነው። ሕፃን ነው እያሉ እንዳያለቃቅሱብን።»

ወረቀቱን አየሁት። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የእናቱን ስም አነበብኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጋሽ ደለለኝን የመታው ልጅ ለእኔ «የጎሚስታው ልጅ» ብቻ ነበር። የትውልድ ቀኑን ሳይ ግን አወቅኩት። ያንን ቀን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ሴት ረጅምና ቀጭን ልጅ አስከትለው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ባላቸው ሞተዋል፤ ከልጁ በታች ሌሎች ሦስት አሉ። ጎሚስታ ቤት ሥራ ተገኝቶለታል፤ ባለቤቱ ግን አሥራ አምስት የሞላው መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ይምጣ ብሏል። ልጁ ልደቱ ተመዝግቦ አያውቅም። ሴትየዋ ቢጫ የክትባት ካርድ ከቦርሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። አሰላሁት፤ አሥራ ሁለት ዓመት ከሰባት ወሩ ነበር።

«አሥራ አምስት አድርግልኝ» አሉኝ።

የወሳኝ ኩነት ፎርሙን ሞላሁ። ከአሥራ አምስት ትንሽ አሳልፌ፣ ጥርጣሬ የማያስነሳ ተራ ቀን መረጥኩለት። ስርዝ ድልዝ አልነበረበትም። ቢሮው የሰጠሁትን መዘገበ፤ ሌላ ምን ያድርግ? ካርዱን ለእናትየው ስመልስ «ሁለት ወረቀት ሁለት ቀን መያዝ የለባቸውም፣ ይሄን ለማንም እንዳያሳዩ» አልኳቸው። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም በአጻጻፌ ጥራት ደስ ብሎኝ ነበር።

እንግዲህ ያ ልጅ ጋሽ ደለለኝን በመታበት ቀን እውነተኛ ዕድሜው አሥራ አራት ዓመት ከሰባት ወር ነበር። ወረቀቱ ግን አሥራ ሰባት ይላል። ሕጋችን ደግሞ አሥራ አምስት ላይ መስመር ያሰምራል። ከመስመሩ በታች ያለ ልጅ በሕፃናት ችሎት ይታያል፣ ጠባይ ማረሚያ ሊላክ ይችላል። ከመስመሩ በላይ ያለው፣ ቅጣቱ ቢቀልለትም፣ በመደበኛው ሕግ በዓመት ተቆጥሮ ይፈረድበታል። ልጁን ከመስመሩ በላይ ያሻገረው የእኔ እስክሪብቶ ነበር።

«ምነው? አይነበብም?» አለች ትርሲት።

«ይነበባል» አልኩ።

አሥራ ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ፋሻውን አየሁ፣ በረንዳውን አሰብኩ፣ በሐሰት ሰነድ መከሰስን ፈራሁ፣ ጻፍኩ። በሕይወቴ የጻፍኩት ሁለተኛው ሐሰት ነበር፤ ከመጀመሪያው የቀለለው ግን ይሄኛው ነው።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ በሩ ተንኳኳ። አቶ ግርማ ፊት፣ አቶ ሎምባሞ ከኋላ፣ ወይዘሮ ዳመነች መጨረሻ ገቡ። በሩን የዘጉት አቶ ግርማ ናቸው።

«ጤና ይስጥልን። ደለለኝ፣ እንዴት አደርክ?»

«እንደምታየኝ ነኝ። አንተ ሁለቱም ስላለህ ደህና አድርገህ እየኝ» አሉ ጋሽ ደለለኝ።

አቶ ግርማ ሊስቁ አሉና ትርሲትን አይተው ተዉት።

«ቁጭ በሉ» አሉ ጋሽ ደለለኝ።

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ሎምባሞ። «ጌታ ይስጥልን፣ ግን መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም። ለይቅርታ ነው የመጣነው።»

«መቀመጥ ማለት እኮ ይቅር ማለት አይደለም። እግርዎ ነው የሚያርፈው።»

«ይቆይ፣ ይቆይ።»

ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም የሚለው ወግ እንዲህ ረጅም ሰዓት እንደሚያስቆም አላውቅም ነበር። አቶ ሎምባሞ ከሰባ በላይ ናቸው። ከግድግዳው ሰዓት እንዳየሁት አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ቆሙ። በመካከሉ አንድ እግራቸውን ያሳርፉና ሌላውን ይቀይሩ ነበር።

«ልጁ ጥፋተኛ ነው» ብለው ጀመሩ። «እኛ ልናስተባብል አልመጣንም። ሰይጣን ነው…»

«ሰይጣን ጎሚስታ ቤት ተቀጥሮ ነው?» አለች ትርሲት።

«ትርሲት!» አሉ አቶ ግርማ።

«ምን ትርሲት ትርሲት ይሉኛል አቶ ግርማ? እድሩ የሞተ ሰው ይቅበር። አባቴ አልሞተም። ወይስ ተመዝግቦ ነበር?»

«አንቺ ልጅ ምላስሽ! አባትሽ አውቶቡስ ሲነዳ እንኳ እንደዚህ አያንጓጥጥም ነበር።»

ወይዘሮ ዳመነች አንገታቸውን እንደደፉ ቆመዋል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። ቀና ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉን ሲቃኙ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ፣ ከዚያ ጉልበቴ ላይ ወዳለው ላፕቶፕ ወረደ፣ ተመልሶ ፊቴ ላይ ወጣ። አወቁኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ምን እንደተነጋገሩ በደንብ አልሰማሁም። አቶ ሎምባሞ ስለ ምሕረት ሲናገሩ፣ ትርሲት «ምሕረት ዓይን ይመልሳል?» ስትላቸው፣ አቶ ግርማ «እስር ቤት ገብቶ ከትልልቆቹ ወንጀለኞች ጋር ውሎ ሲወጣ ለሰፈራችን ምን ሊሆን ነው?» ሲሉ፣ እሷ ደግሞ «ሳይገባስ ምን ሆነ?» ስትል ብቻ አስታውሳለሁ። ሁሉም እውነት ይመስለኝ ነበር።

ወይዘሮ ዳመነች በድንገት በግድግዳው ተደገፉ።

«ውኃ… ፊቴን ልታጠብ» አሉ።

«ቧንቧው ግቢ ነው። ተሜ፣ አሳያቸው» አለች ትርሲት፤ ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ላላ ብሎ።

ወጣን። ቧንቧውን ከፈትኩላቸው። ፊታቸውን ታጥበው ውኃው እየፈሰሰ ተውት፤ ድምፁ እንዲሸፍነን መሰለኝ።

«አወቅከኝ አይደል?»

«አወቅኩዎት።»

«በፈጠረህ ልጄ፣ ያንን ነገር እንዳታወጣው።»

ተቃራኒውን ነበር የጠበቅኩት። እውነቱን ተናገርልኝ የሚሉኝ መስሎኝ፣ እንዴት እምቢ እንደምላቸው ነበር የማስበው።

«ለምን?»

«ጣቢያ በር ላይ አንድ ሰው ነገረኝ። ትልቅ ከተባለ በዋስ ይወጣል፣ ከታረቅን ደግሞ መዝገቡ ይዘጋል አለኝ። ሕፃን ነው ካሉት ግን መንግሥት ይወስደዋል። ከወሰዱት አይመልሱልኝም። አባቱ የለ፣ ማን ይጠይቅልኛል?»

«እትዬ ዳመነች፣ ተሳስተዋል። ዓይን የጠፋበት ክስ በእርቅ አይዘጋም። ትልቅ ከተባለ ለዓመታት ሊታሰር ይችላል። ሕፃን መሆኑ ነው የሚጠቅመው።»

«ሕጉ ነው?»

«ሕጉ ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ።

«ያኔም ሕጉ ነው ብለህ ነው አሥራ አምስት ያልከው።»

ያኔ ብዬአቸው ነበር፤ «የሠራተኛ ሕጉ አሥራ አምስት ይላል፣ ስለዚህ አሥራ አምስት ነው የምንጽፈው» ብያቸው ነበር።

«ካርዱስ? ቢጫው ካርድ?» አልኩ።

«አንተ አይደለህ ሁለት ወረቀት ሁለት ቀን አይያዝ ያልከኝ? ቀድጄ ጣልኩት።»

ቧንቧውን ዘጋሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የልጁ እውነተኛ ዕድሜ ያለው እሳቸው ዘንድና በእኔ ራስ ውስጥ ብቻ መሆኑን አወቅኩ። እሳቸው እናቱ ናቸው፤ ማንም አያምናቸውም። እኔ ደግሞ ዝም ካልኩ ምንም አልሆንም። ልጁ ይፈረድበታል፣ ትርሲት ትረካለች፣ ጋሽ ደለለኝ በረንዳቸው ላይ ያቆዩኛል፣ እናቱም እንደለመኑኝ ሚስጥራቸው ይጠበቃል። ዝም በል ብሎ የማይለምነኝ ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ ዝምታ የምችለው ነገር ነው።

ተመለስን። አቶ ሎምባሞ አሁንም ቆመዋል።

«ጥሩ» አለች ትርሲት። «ሁላችሁም እዚህ ስላላችሁ ስሙት። ከኋላ ተደብቀን የምናደርገው ነገር የለም። ተሜ፣ አቤቱታውን አንብብላቸው።»

ቆሜ አነበብኩ። መግቢያውን፣ ቀኑን፣ ቦታውን። «ተጠርጣሪው የአሥራ ሰባት ዓመት…» ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

«ቀጥል እንጂ» አለች።

«አሥራ ሰባት አይደለም» አልኩ።

«እሱ ያውቃል» አሉ፣ ቅድም ቧንቧው ጋ እንዳታወጣው ብለው የለመኑኝ ወይዘሮ ዳመነች።

«ምኑን ነው የሚያውቀው?» አለች ትርሲት።

«አሥራ አራት ነው» አልኩ። «አሥራ አራት ከሰባት ወር። የልደት ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመቱ መሆኑን እያየሁ አሥራ አምስት ብዬ ጻፍኩ።»

መጀመሪያ የተናገሩት አቶ ግርማ ናቸው፤ «በስመ አብ» አሉ። ትርሲት ወደ እኔ ተጠጋች። የምትመታኝ መሰለኝ።

«ጠዋት ስሰጥህ አላወቅክም?»

«አወቅኩ።»

«አውቀህ አሥራ ሰባት ብለህ ጻፍክልኝ?»

«አዎ።»

«ታዲያ አሁን ማን ተናገር አለህ? እ? አዘንክለት? አሥራ አራት ቢሆንስ? ብረቱ ይቀልላል? አባቴ ላይ ሲያርፍ አሥራ አራት ዓመት ነኝ ብሎ ነው ያረፈው?»

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ደለለኝ የተናገሩት። ፊታቸውን ከመስኮቱ አዞሩ።

«በጎማ አይደለም» አሉ።

«ምኑ አባዬ?»

«የተመታሁት። በጎማ አይደለም። ተመልሼ ስሄድ አልጮህኩበትም። ባለቤቱን ጠርቼ፣ ይሄ እኮ ሕፃን ነው፣ እጁ ላይ ጉልበት የለውም፣ ትምህርት ቤት ነው መዋል ያለበት አልኩት። ባለቤቱ፣ ወረቀት አለው አባት፣ አሥራ ሰባት ነው አለኝ። እኔ ደግሞ፣ ሠላሳ ዓመት ተማሪ አመላልሻለሁ፣ የስንት ዓመት ልጅ እንደሆነ ከፊቱ አውቃለሁ፣ ነገ ተቆጣጣሪ ይዤልህ እመጣለሁ አልኩት። ሰውየው ልጁን አየውና፣ በቃ እቃህን ሰብስብ አለው። ልጁ ብረቱን ያነሳው ያን ጊዜ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች ትርሲት።

«ምን ብዬ? ለልጁ ብዬ እንጀራውን አሳጣሁት ብዬ? ደግሞ ሁሉም አሥራ ሰባት ነው ሲል፣ ወረቀቱም ሲል፣ እኔው የተሳሳትኩ መሰለኝ። አርጅቼ ነው አልኩ።»

አቶ ሎምባሞ ማንም መልስ ሳይሰጣቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ትርሲት እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና «ስለዚህ ይለቀቅ ነው የምትለው?» አለች።

«መች አልኩ? ወድቄ ነው የደገመኝ። ያንን ይቅር ማለት አልቻልኩም። ሌሊት ሌሊት ጀርባዬ ላይ ነው የሚሰማኝ። ይቀጣ። ግን በራሱ ዕድሜ ይቀጣ።»

«አንተስ በማን ዕድሜ ነው ዓይንህን ያጣኸው?»

ጋሽ ደለለኝ ወደ እኔ ዞረው «ተሜ፣ አስተካክለው» አሉ። «አሥራ አራትም ይጻፍ፣ ሦስቱም ምት ይጻፍ። አንዱንም እንዳትቀንስ።»

አስተካክዬ አተምኩት፤ ጋሽ ደለለኝ ፈረሙ። ብዕሩን ሲይዙ ወረቀቱን በአንድ ዓይን አልመጠኑትም፤ ፊርማው ከመስመሩ ወረደ። ትርሲት አልፈረመችም፣ አልከለከለችምም። ሰዎቹ ሲወጡ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል።

ሰኞ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። «እናትየዋ ጠየቁ፣ እኔ እያወቅኩ ጻፍኩ» አልኩ። የእሳቸውን ድርሻ ልሸፍንላቸው አስቤ ነበር፤ ሦስተኛ ሐሰት መሆኑ ታወቀኝና ተውኩት። እሳቸው በማስጠንቀቂያ ታለፉ። እኔ ጥፋተኛ ተባልኩ፤ ቅጣቱ በገደብ ሆነልኝ። ትርሲት ጠረጴዛዬን ከበረንዳው እንዳነሳ ጠየቀችኝ። አነሳሁ። አሁን የምጽፈው ዘነበወርቅ አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ነው።

የልጁ ዕድሜ በሐኪም እንዲመረመር ታዘዘ። የእጁ አጥንት በራጅ ታየ። ውጤቱ «ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስድስት» ይላል። አጥንት ወር አይናገርም። ስለዚህ ምስክር ሆኜ ቀረብኩ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ፎርሙ ላይ አሥራ አምስት ሞልቶታል ብለህ ጽፈሃል» አሉኝ። «አሁን ደግሞ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ነበር ትላለህ። የዋሸኸው ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

«ያኔ» አልኩ።

«እንዴት እናውቃለን?»

ካርዱ ላይ ያየሁትን ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት ተናገርኩ። እዚህ አልጽፈውም፣ የልጁ ነው። ለመዋሸት ስል ያሰላሁትን ስሌት በሙሉ ነገርኳቸው። ከዚያ ዳኛዋ ልጁን ጠየቁት። ቃለአብን በቅርብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። አፍንጫው ሥር ገና ጸጉር የለም።

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«አሥራ ሰባት» አለ።

«ይሄ ሰውዬ አሥራ አራት ነህ ይላል።»

ወደ እኔ ዞሮ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። ጠላቱን እንደሚያይ ሰው ነው ያየኝ።

«ውሸቱን ነው። አሥራ ሰባት ነኝ። ወረቀት አለኝ።»

ዳኛዋ ለረጅም ጊዜ ጻፉ። ጥርጣሬው ለልጁ ይጠቅማል ብለው ጉዳዩ በሕፃናት ችሎት እንዲታይ አዘዙ። በኋላ ጠባይ ማረሚያ ተላከ። የጋሽ ደለለኝ ዓይን አልተመለሰም። ትርሲት መንገድ ላይ ስታገኘኝ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች። ወይዘሮ ዳመነች ግን ያን ቀን ከፍርድ ቤት ስንወጣ ያሉኝን አልደገሙትም፤ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ አላናገሩኝም። ያሉኝ «ወሰዱብኝ» ብቻ ነው።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ የሚደባደቡ፣ ስለት የሚመዙ ልጆች እንዴት ይቀጡ በሚለው ላይ የምትከራከሩ እንደምትሆኑ አውቃለሁ። ታክሲ ውስጥም፣ ስልክ ላይም እሰማዋለሁ። አንዱ «ወንጀሉን ከቻለ እስሩንም ይችላል» ይላል። ሌላው «ልጅ ናቸው» ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋር ቆሜ አውቃለሁ፤ ለዚያውም በአንድ ቀን ውስጥ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ልጁ እንዲታሰር የሚጠይቅ ወረቀት ጽፌያለሁ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት ደግሞ አስተካክዬዋለሁ።

ሕጉ አሥራ አምስት ላይ ያሰመረው መስመር ልክ ነው ለማለት ዕውቀቱ የለኝም። ቃለአብ ከመስመሩ በአምስት ወር ነው ያነሰው። በአምስት ወር ውስጥ አንድ ልጅ ምን ይሆናል? ትንሽ ይረዝም ይሆናል። ያ ሐሙስ አምስት ወር ዘግይቶ ቢመጣ ኖሮ የጋሽ ደለለኝ ዓይን ያው ይጠፋ ነበር፣ ልጁም ያው ልጅ ይሆን ነበር፣ እኔ ግን የምናገረው ነገር አይኖረኝም ነበር። ይህ ሲያሳስበኝ ይውላል። አንድ ነገር ብቻ ተለውጦብኛል፤ ዛሬ ሰው ዕድሜ ጨምርልኝ ሲለኝ፣ ለሥራም ይሁን ለትዳር፣ የምጨምረው ወረቀቱ ላይ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጎሚስታው፣ ፖሊሱ፣ ትርሲት፣ በመጨረሻ ልጁ ራሱ፣ ሁሉም አመኑኝ። ያላመኑኝ ጋሽ ደለለኝ ብቻ ነበሩ።

አሁን በክፍሉ ውስጥ የነበራችሁትን ልጠይቅ። ከላይ «አሥራ ሰባት አይደለም» አልኩ፣ ከዚያ ወይዘሮ ዳመነች «እሱ ያውቃል» አሉ ብዬ ጽፌያለሁ። እኔ የማስታውሰው እንደዚያ ነው። አቶ ግርማ ግን ባለፈው ስንገናኝ «ኧረ አንተ፣ መጀመሪያ እሷ ናት በጣቷ ያሳየችህ፣ ከዚያ ነው አንተ የተናገርከው» አሉኝ። ትርሲትን ጠይቀዋት አላስታውስም ብላቸዋለች። እሳቸው ልክ ከሆኑ፣ እኔ እውነቱን የተናገርኩ ሰው አይደለሁም፤ የተያዝኩ ሰው ነኝ። አቶ ሎምባሞ፣ እርስዎ ቆመው ከፊት ለፊት ያዩን ነበር። ጋሽ ደለለኝ፣ እርስዎም በአንድ ዓይንዎ ቢሆን ታዩኝ ነበር። ወይዘሮ ዳመነች፣ ባያናግሩኝም ይህን ሰው ያነብልዎት ይሆናል። ማን ቀደመ? የምታስታውሱትን ጻፉልኝ ወይም አስጽፉልኝ። እኔ ተሳስቼ ከሆነ እዚህ ላይ አስተካክለዋለሁ።